የአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ ከእኛ የሚፈልገው

(ጎንደር ላይ ለከተማዋ ነዋሪዎች፣ ለተማሪዎችና ለአስጎብኚዎች ካቀረብሁት ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ጎንደር ውስጥ፣ አዘዞ ላይ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያችን ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «ከውጭ አገር በቀጥታ የሚታረፍበት መቼ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተማችን ፋሲል ግቢን የያዘች፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣው መንገደኛ የሚያድርባት ናት። ሁለቱም ቅርሶች በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩ ቆይተዋል፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ግቢው በ1979። ጥምቀትም እ.ኤ.አ. በ2019 ተጨምሯል። እንዲህ ያለች ከተማ እንግዳዋን በአዲስ አበባ በኩል አዙራ መቀበሏ የሚቆጨው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

እኔ ግን ሥራውን ከውስጥ ሆኜ ስላየሁት፣ ከዚያ ጥያቄ በፊት ሌላ ጥያቄ ይቀድማል እላለሁ። ማረፊያው በየዕለቱ ምን ሲደረግለት ነው የሚሠራው? ከዚህስ ውስጥ የእኛ የነዋሪዎቹ ድርሻ የቱ ነው? ግማሹ መልስ ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው። ዛሬ ላነጋግራችሁ የመጣሁትም በዚህ ጉዳይ ነው።

የአዘዞ ሜዳ ለአውሮፕላን አዲስ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን አውሮፕላኖቹን ያሳርፍ የነበረው እዚያው አዘዞ ነው። የጄኔራል ናሲ ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለጣሊያን የቀሩት የመጨረሻዎቹ ጥቂት አውሮፕላኖች ይነሡ የነበሩት ከዚህ አካባቢ ነው። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ዛሬም ሄዶ ላየው ሰው ይገባዋል። ከጎንደር ኮረብቶች ወርዶ ወደ ደንቢያና ወደ ጣና የሚዘረጋው ሜዳ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራ ሲጀምርና ሲስፋፋ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም «ታሪካዊው መስመር» በሚባለው ጉዞ ተያያዙ። በዲሲ 3 የተጀመረው ጉዞ በፎከር 50 አልፎ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው ኪው 400 በሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ላይ ወድቋል። ሰባ ያህል ሰው ይጭናል። አዲስ አበባ በመኪና 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር ግን ቀጥታ መስመሩ ከ415 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከከፍታው ልጀምር፤ ሌላው ነገር ሁሉ እሱን ስለሚከተል።

ማረፊያችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው ያለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከአምስት አንድ እጅ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ማግኘት አለበት፤ የበለጠ ፍጥነት ለማግኘት ደግሞ የበለጠ ርዝመት ያለው መንደርደሪያ፣ ሠራተኛው ራንዌይ የሚለው፣ ያስፈልገዋል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ባለሙያው በአጭሩ አይካኦ የሚለው፣ ለዚህ የሚሰጠው ስሌት አለ። ተማሪዎች ስለበዛችሁ አብረን እናስላው። ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ የመንደርደሪያው ርዝመት ላይ 7 በመቶ ይጨመራል። ቀጥሎ፣ የቦታው ሙቀት ለዚያ ከፍታ መደበኛ ከተባለው ሙቀት በሚበልጥበት በእያንዳንዱ ዲግሪ 1 በመቶ ይጨመራል። ባሕር ዳርቻ ላይ 1,500 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን እንውሰድ። ለ2,000 ሜትር ከፍታ ጭማሪው 47 በመቶ ገደማ ነው፤ ርዝመቱ 2,200 ሜትር ደረሰ። በዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የጎንደርን የበጋ ቀትር 28 ዲግሪ ብንወስድ ልዩነቱ 26 ዲግሪ፣ ጭማሪውም 26 በመቶ ይሆናል። 1,500 ሜትር ብለን የተነሣነው ሰዎች 2,770 ሜትር ገደማ ላይ ደረስን። ደንቡ ራሱ ጭማሪው በድምሩ ከ35 በመቶ ካለፈ በዚህ ስሌት ብቻ እንዳትወስኑ፣ ልዩ ጥናት አስጠኑ ይላል። እኛ ገና የከፍታውን ስንደምር አልፈነዋል። ቦሌ በ2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ 3,800 ሜትር የሚረዝም መንደርደሪያ የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ስሌት ስለ ዓለም አቀፍ በረራ ብዙ ይነግረናል። ከጎንደር ተነሥቶ አውሮፓ የሚደርስ አውሮፕላን ረጅም ጉዞ የሚያስኬደውን ነዳጅ ሞልቶ መነሣት አለበት። ነዳጅ ክብደት ነው። ቀትር ላይ ከባድ ጄት ይህን ሁሉ ተሸክሞ ከአዘዞ ይነሣ ቢባል፣ ወይ መንገደኛ መቀነስ ወይ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት ግድ ይለዋል። ጂዳ ግን ከጎንደር በቀጥታ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቴል አቪቭ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርቱም ከ650 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የገባችበት ጦርነት ባይኖር ኖሮ በቅርበቷ ቀዳሚ ትሆን ነበር። እነዚህ በመካከለኛ ጄት፣ በማለዳ ወይም በምሽት ቅዝቃዜ ሊታሰቡ የሚችሉ ርቀቶች ናቸው። ከጎንደር ፍራንክፈርት በቀጥታ እንበር ብሎ መጀመር ግን ሕዝቡን ተስፋ አሰጥቶ መልሶ ማሳዘን ነው። ቅርቡን በደንብ እንያዝ።

የአውሮፕላን ዓይነት ሲቀየር ምን እንደሚለወጥ አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ ሰው ከማያስበው ቦታ፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያው። አውሮፕላን በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ የእሳት አደጋ መኪና ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዝግጅቱ በምድብ የተከፈለ ሲሆን፣ የሚለካው በዋናነት በአውሮፕላኑ ርዝመት ነው። ኪው 400 ወደ 33 ሜትር ስለሚረዝም ምድብ 6 ውስጥ ይገባል። የምድብ 6 ጣሪያ 39 ሜትር ነው። ቦይንግ 737-800 ደግሞ 39.5 ሜትር ነው። በግማሽ ሜትር ምክንያት ወደ ምድብ 7 ያልፋል። አረፋ ለመሥራት መያዝ ያለበት ውኃ፣ በተለመደው የአረፋ ዓይነት፣ ለምድብ 6 ከ7,900 ሊትር፣ ለምድብ 7 ከ12,100 ሊትር ማነስ የለበትም። በረራው ጥቂት ለሆነ ማረፊያ አንድ ምድብ ዝቅ ማለት የሚፈቀድበት አሠራር አለ፤ በረራው ሲበዛ ግን ይህ ይቀራል። መኪኖቹ ጥሪ በተሰማ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቢቻል በሁለት፣ የመንደርደሪያው የትኛውም ጫፍ መድረስ አለባቸው። ይህም ማለት የሠለጠነ ሰው በየፈረቃው፣ መለዋወጫ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ የተሞላ የውኃ ጋን፣ ዓመቱን ሙሉ ልምምድ። ምረቃ ላይ ሪባን የሚቆረጥለት ተርሚናሉ ነው። አውሮፕላኑ እንዲያርፍ ፈቃድ የሚያሰጠው ግን ይህ የማይታይ ዝግጅት ነው። አንድ ቀን የእሳት አደጋ መኪና ተበላሽቶ ምድቡ ዝቅ ካለ፣ ማስታወቂያው ለአብራሪዎች ሁሉ ይተላለፋል፤ ትልቁም አውሮፕላን ላይመጣ ይችላል።

የዕለቱ ሥራ የሚጀምረው ከመጀመሪያው በረራ ቀደም ብሎ ነው። በትንሽ ማረፊያ ላይ የነበርሁባቸውን ንጋቶች ላስታውስ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ባለሙያው በፒክአፕ ወደ መንደርደሪያው ይገባል፤ ከመግባቱ በፊት ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ (ታወር) በሬዲዮ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሲወጣም ወጥቻለሁ ይላል። ሣሩ በጤዛ ረጥቦ ጎማውን ያጥበዋል። መኪናው ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ዓይን መሬት መሬቱን ያያል። አስፋልቱ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ፣ የተነሣ ጠጠር፣ ከሻንጣ ጋሪ የወደቀ ብሎን፣ ነፋስ ያመጣው ፌስታል፣ ሌሊት የሞተ ወፍ፣ አንዳንዴም አጥር ሾልኮ የገባ ውሻ። ብሎኗ ታነሣና ኪስ ትገባለች፤ ጊዜና ቦታው ይመዘገባል። ትንሽ ነገር ናት የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ፓሪስ አጠገብ የወደቀውን ኮንኮርድ ያስታውስ። ከፊቱ ከተነሣ ሌላ አውሮፕላን የወደቀ ቁራጭ ብረት ጎማውን ቀደደው፤ የጎማው ስባሪ የነዳጅ ታንኩን መታው፤ 113 ሰው አለቀ። የንጋቱ ዙር የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ቀን ላይም ይደገማል።

የሞተ ወፍ ስል አለፍሁት እንጂ ለእኛ አካባቢ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊበር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን ጠፉ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ይህ የሆነው ከእኛ ጣና ማዶ ነው፤ ያው ሐይቅ፣ ያው እርሻ፣ ያው ወፍ ነው። አዘዞና ደንቢያ የውኃ ወፍ መመላለሻ ናቸው፤ በመኸር ወቅት ደግሞ እህል ፍለጋ ርግብና ሌላው ሁሉ ይወርዳል።

ማረፊያው በራሱ በኩል ብዙ ሊያደርግ ይችላል። ሣሩን በቁመቱ ይቆጣጠራል፣ ውኃ እንዳይቋጥር ቦዩን ይጠርጋል፣ ወፍ የሚያባርር ሰው ያሰማራል። ጥንብ አንሳን ግን ማባረር አይቻለውም፤ ጥንብ አንሳ በአጥር አይመለስም። የሚመለሰው ጥንቡ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ቄራ የት ይሠራ፣ የከተማው ቆሻሻ የት ይጣል የሚለው ውሳኔ የበረራ ደኅንነት ውሳኔ ነው። በዓለም ላይ የተለመደው ምክር ከማረፊያው ዙሪያ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ድረስ ወፍ የሚስብ ነገር በጥንቃቄ እንዲታይ ነው። አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ስትለኩ አዘዞን አልፋችሁ ወደ ከተማው ዘልቃችሁ ትገባላችሁ። በየመንገዱ ዳር የሚጣለው የበግና የፍየል ሆድ ዕቃ፣ በተለይ በበዓላት ሰሞን፣ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን ወፍ ቁጥር ይጨምራል። ይህን ማስተካከል የሚችል የአየር መንገድ ሠራተኛ የለም። ማስተካከል የምንችለው እኛ፣ ቀበሌው፣ የከተማ አስተዳደሩና ሉካንዳ ቤቶች ነን።

ሁለተኛው ከአጥር ውጭ ያለ ጉዳይ ግንባታ ነው። ከተማችን ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ እያደገች ነው። ሜዳው ስለሚያመች ይህ አይገርምም። ነገር ግን ከመንደርደሪያው ጫፍ ጀምሮ ሰማይ ላይ በሐሳብ የተሠመረ፣ ማንም ሕንጻ ሊያልፈው የማይገባ ተዳፋት ወለል አለ። አይካኦ አብራሪው በመሣሪያ እየተመራ ለሚያርፍባቸው ትልልቅ መንደርደሪያዎች ያስቀመጠው የመግቢያ ወለል በመጀመሪያው 3 ኪሎ ሜትር በእያንዳንዱ መቶ ሜትር 2 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ከወለሉ መነሻ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሕንጻ ከመንደርደሪያው ከፍታ አንጻር 20 ሜትር ካለፈ ወለሉን በሳ ማለት ነው። ስድስት ወይም ሰባት ፎቅ በቂ ነው። በዙሪያውም እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ 45 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሌላ ወለል አለ፤ የሞባይል ማማ በቀላሉ ይደርስበታል። የአውሮፕላን መግቢያ መስመር አንዴ በሕንጻ ከተዘጋ፣ ሕንጻው ይፈርሳል ወይም መንደርደሪያው ያጥራል። ሕንጻ ማፍረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የታወቀ ስለሆነ፣ በብዙ አገር የሚያጥረው መንደርደሪያው ነው። ያኔ ያቺ ቅድም ያሰላናት 2,770 ሜትር ወረቀት ላይ ብቻ ትቀራለች። የከተማው ፕላን ላይ ይህ ወለል ተሥሎ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ሊያገኘው ይገባል። ፈቃድ ከተሰጠና ቤት ከተሠራ በኋላ የሚመጣ ክልከላ በሰው ገንዘብና ዕድሜ ላይ ግፍ ነው።

ስለ አፈሩም ልናገር። ሜዳው የሚያምረው በጥቁሩ ዋልካ ነው፤ ለጤፍና ለሽምብራ ጥሩ፣ ለመንገድ ሠሪ ግን ፈተና። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አስፋልት በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሲቀመጥ፣ ሥሩ በደንብ ካልተለወጠና ውኃው ካልተመለሰ፣ ዓመት በዓመት ይወጣል ይወርዳል። መኪና ጎድጓዳውን ዞሮ ያልፋል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ አውሮፕላን ዞሮ ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ስለ ማስፋፊያ ስንነጋገር የመጀመሪያው ወጪ የፍሳሽ ቦይ ነው። ቦዩ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ሲወጣ የሰው እርሻ ያገኛል፤ የውኃው መውረጃ ከገበሬው ጋር ተመካክሮ ካልተሠራ አንዱ ወገን ይጎዳል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ማረፊያ «ዓለም አቀፍ» የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው? መሠረቱ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት ነው። አንቀጽ 10 ከውጭ የሚመጣ አውሮፕላን አገሩ ለጉምሩክና ለፍተሻ በወሰነው ማረፊያ ማረፍ እንዳለበት ይደነግጋል። እንግዲህ መንግሥት «ከውጭ የሚመጣ አውሮፕላን የሚያርፍበት ይህ ማረፊያ ነው» ብሎ ማወጅ አለበት፤ ከዚያም ጉምሩክ፣ ኢሚግሬሽን፣ የሰው ጤና፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ኳራንቲን ሠራተኞች መመደብ አለባቸው። ሁሉም የየራሳቸው መሥሪያ ቤት ናቸው፤ የሚያዝዛቸው አየር መንገዱ አይደለም። ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ «አየር መንገዱ ለምን ዓለም አቀፍ አያደርገውም» የሚለው አቤቱታ በር ተሳስቶ ይንኳኳል። የሚጠየቁት ብዙ በሮች ናቸው፤ አንድ ላይ መንኳኳት አለባቸው።

አሁን ዋናው ጭንቀት ይመጣል። በሳምንት ሁለት የውጭ በረራ ለሚመጣበት ማረፊያ እነዚህን ሁሉ ሠራተኞች በቋሚነት ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው። በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በታች መንገደኛ የሚያስተናግዱ ማረፊያዎች አብዛኞቹ ወጪያቸውን አይሸፍኑም። ከማረፊያና ከመንገደኛ ክፍያ፣ ከሱቅና ከመኪና ማቆሚያ ኪራይ የሚገኘው ገቢ ለእሳት አደጋው፣ ለመብራቱ፣ ለጥበቃው አይደርስም። በእኛ አገር ትልቁ ማረፊያ ትንንሾቹን ይደጉማል፤ ይህም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጤና ጣቢያ አትራፊ እንዲሆን እንደማንጠይቅ ሁሉ። ነገር ግን ድጎማ የሚሰጥ አካል ወጪው ሥራ ላይ መዋሉን ማየት ይፈልጋል።

መፍትሔው አለ፤ በሌሎች አገሮች ያሉ ትንንሽ ማረፊያዎች የሚሠሩበት ነው። የውጭ በረራ አገልግሎት በጥያቄ ይሰጣል። አውሮፕላኑ የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ይነገራል፤ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ለዚያ ሰዓት ይመጣሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ መደበኛ ቦታቸው ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ጎንደር ዕድለኛ ናት፤ መተማ ድንበር በመሆኗ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሥራ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመርጠው ወቅት ደግሞ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ያለው ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት። በዚህ ሰሞን በውጭ የሚኖረው ወገን ይመጣል፣ ጎብኚ ይመጣል፣ አየሩ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፣ ለአውሮፕላኑም ይመቸዋል። ጥቂት የቻርተር፣ ማለትም በልዩ ኪራይ የሚመጡ፣ በረራዎችን በአንድ ሰሞን ያለ እንከን ማስተናገድ፣ አንድ መቶ ደብዳቤ ከመጻፍ የበለጠ ያሳምናል። አስጎብኚዎች ሆይ፣ ይህ በተለይ የእናንተ ሥራ ነው፤ መቀመጫውን የሚሞላው ሰው ከእናንተ ነው የሚመጣው።

ጭነትን በሚመለከት በአጭሩ ልናገርና ልለፍ። ብዙ ሰው የሁመራንና የመተማን ሰሊጥ ያነሣል። ሰሊጥ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በመኪና ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ነው ጉዞው። አውሮፕላን የሚጭነው ቶሎ የሚበላሽና በኪሎ ውድ የሆነውን ነው፤ ለዚያም የማቀዝቀዣ መጋዘንና በየቀኑ የማይቋረጥ ምርት ይጠይቃል። ምርቱ ሲኖር መጋዘኑ ይሠራል፤ መጋዘን ተሠርቶ ምርት ሲጠበቅ ግን ብረቱ ይዝጋል።

የባሕር ዳር ጉዳይም አይቀርም። በመንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሁለት ማረፊያዎች አሉን። አንዱ ሲታደስ ሌላው ለምን እንዲህ አልተደረገልኝም እያለ መቀጠል ሁለቱንም ያደክማል። አንዱ ጭጋግ ሲዘጋው አውሮፕላኑ የሚዞረው ወደ ሌላው ነው፤ በሥራ ቋንቋ ተለዋጭ ማረፊያ ይባላል። አጠገቡ ጥሩ ተለዋጭ ያለው ማረፊያ አውሮፕላኑ ትንሽ መጠባበቂያ ነዳጅ ይዞ እንዲመጣበት ያስችላል፤ ትንሽ ነዳጅ ማለት ብዙ መንገደኛ ማለት ነው። የባሕር ዳር መብራት በጎንደር ሰማይ ላይ ጥቅም አለው፤ የጎንደርም እንዲሁ ለባሕር ዳር።

ስለ ጸጥታ ሳልናገር መውረድ አልችልም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት በጦርነቱ የተተኮሰ ሮኬት ማረፊያችን ላይ ጉዳት አደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በግጭቱ ምክንያት በረራ ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ቀናት ከተማው ምን እንዳጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ በተለይ ሆስፒታላችንን አስባለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር ጀምሮ ከገጠር የመጣ ታካሚ የሚጠጋበት ቤት ነው። ከዚህ በላይ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲላክ፣ መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ያለው ተስፋ አውሮፕላን ብቻ ነው። መድኃኒትና የላብራቶሪ ናሙናም እንዲሁ ነው። ማረፊያ የጦርነት ዒላማ ሲሆን በመጀመሪያ የሚጎዳው አልጋ ላይ ያለው ሰው ነው። ማንም ወገን ይሁን፣ ይህን ቦታ መንካት የለበትም፤ ይህን ከልቤ እለምናለሁ።

በመጨረሻ ከአድማጮች ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን ልጻፍ፤ ብዙዎቻችሁን ይመለከታል። ከአዘዞ ወገን የመጡ አንድ አባት፣ «ማረፊያው ሲሰፋ እኛ የት እንድረስ? አሁንስ በአጥሩ ዳር ሆነን ምን እንጠቀማለን?» አሉኝ።

አባቴ፣ ስለ መጀመሪያው ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሣና መልሶ ማቋቋም እንዲኖር ይደነግጋል። ካሣው መሬቱ ከመለቀቁ በፊት መከፈል አለበት። ይህን በሰነድ ይዞ የሚከራከር የቀበሌ ኮሚቴ ከአሁኑ ይኑራችሁ፤ ማስፋፊያው በወሬ ደረጃ እያለ ማለቴ ነው፣ ቡልዶዘር ሲመጣ አይደለም። ከአጥሩ አጠገብ የሚዘራውም ይመከርበት፤ ማሽላ ወፍ እንደሚጠራ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ስለ ሁለተኛው፣ ሣር ነው የምልዎት። በመንደርደሪያው ግራና ቀኝ ያለው ሣር በየዓመቱ መታጨድ አለበት፤ ዘር ሳይዝ በፊት፣ ምክንያቱም ዘሩ ነው ወፉን የሚጠራው። ማረፊያው አጫጅ ይቀጥራል፤ እናንተ ደግሞ በበጋ ለከብት ድርቆሽ ትገዛላችሁ። የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅታችሁ የማጨዱን ሥራ በውል ብትይዙት ሣሩም ይወሰዳል፣ ድርቆሹም ይገኛል። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ የሣሩ ቁመት በባለሙያ ይወሰን፣ የሚታጨደው በረራ በሌለበት ሰዓት ሬዲዮ ከያዘ ሠራተኛ ጋር ይሁን፣ የታጨደውም በዚያው ቀን ከአጥሩ ይውጣ። ክምሩ እዚያ ካደረ አይጥ ይገባበታል፤ አይጡን ፍለጋ ደግሞ ጭልፊት ይወርዳል።